ሲድራ ስታለቅስ

በማግስቱ አቂቃ ነበር። በጁባ ሃይ ማላካል ሰፈር ያለው የሙሔና የጀውሀራ ግቢ ከማለዳ ጀምሮ ገበያ መስሏል። በጉ ከበሩ ጥግ ታስሮ የሚያልፈውን ሁሉ በግንባሩ ይሞክራል። ከካስተም ገበያ የመጡ የሙሔ ወዳጆች አንድ ድንኳን ዘርግተው ሁለተኛውን የት እንደሚያቆሙ ይከራከራሉ። ሴቶቹ ጓሮ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ አንዷ የጀመረችውን ወሬ ሌላዋ ከአፏ ነጥቃ ትጨርሰዋለች። ነገ የሕፃኗ ፀጉር ይላጫል፤ ስሟም ይወጣል። ስም ይወጣል መባሉ እንኳን ለወጉ ያህል ነው። አባቷ ገና በሆድ ሳለች ሲድራ ብሎ ጨርሷል።

ጀውሀራ ግን በውስጠኛው ክፍል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ግራ ክንዷን ክንፉ እንደተመታ ወፍ ከጎኗ አርቃ ይዛለች። ብብቷ ውስጥ ሎሚ የሚያህል ነገር አብጧል። ቀኙም መጀማመሩ ነው።

እብጠቱ ብቅ ያለው ወተቷ በወረደበት ቀን ነው። እሷ ልትደብቀው ነበር፤ አራስ ግን ምን ይደበቅላታል? ገላዋን የምታጥባት ሮማነወርቅ ክንዷን ቀና ስታደርግላት አየችው። ሮማነወርቅ ከመንገዱ ማዶ ምግብ ቤት ያላት፣ በዕድሜ ጠና ያለች፣ ሁሉም እትዬ የሚላት የጎጃም ሴት ናት። የጀውሀራ እናት በሕይወት የለችም፤ አማቷም ወራቤ ናቸው። ስለዚህ ምጡ የመጣ ዕለት ሮማነወርቅ ምግብ ቤቱን ለሠራተኞቿ ትታ፣ ነጠላዋን አገልድማ ገባች። የገባች ገባች ነው፤ አልወጣችም።

እብጠቱን ባየች ጊዜ በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ፣ ንፍፊት ነው አለች። ንፍፊት ደግሞ በባዶ ሜዳ አይመጣም፤ ቁስል ተከትሎ ነው የሚመጣ። እንግዲህ ቁስል ፍለጋ ተጀመረ። የጀውሀራን ግራ እጅ መስኮት አጠገብ ወስደው፣ ከጥፍሯ እስከ ክርኗ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ፈተሹት። አመልካች ጣቷ ላይ፣ ገና ሳትወልድ ሽንኩርት ስትከትፍ የነካት ቢላዋ የተወው ቀጭን ጭረት ተገኘ። ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲያ ሮማነወርቅ ጠዋትና ማታ ቅቤ ለብ እያደረገች እብጠቱን ታሸው ጀመር። በእጇ ጥበብ ትመካለች፤ ወለምታ ያሸችው፣ የቆመ አንገት የመለሰችው በዚያው እጅ ነው። እብጠቱ ግን በታሸ ቁጥር እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል እንጂ አይቀልጥም።

ነገሩ የከፋው ትናንት ወደ ማታ ነው። ወራቤ ያሉት አማቷ፣ እማ ኑርያ፣ በስልክ ወሬውን ሰሙ። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም፤ እንዲህ ያለ ወሬ እግር አለው። የጀውሀራ አክስት፣ የእናቷ እህት፣ በጡት ሕመም ነበር የሞቱት። እሳቸውም መጀመሪያ ብብታቸው ነበር ያበጠው። እማ ኑርያ ይህንን አልረሱም። የታመመ ጡት ወተት ልጅ ይጎዳል፣ ዳግመኛ እንዳታጠቢያት አሉ። ሰው ሲጨነቅ እንደሚያደርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሉት፤ ሙሔም በአጠገቧ ሆኖ ሰማ። ሙሔ እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም። ወዲያው ወጥቶ የዱቄት ወተትና ጡጦ ገዝቶ መጣ።

ከዚያች ሰዓት ወዲህ ጀውሀራ ልጇን አላጠባችም። ሲድራ የጡጦውን ጫፍ በምላሷ ገፍታ ታወጣዋለች፤ ከዋጠችም መልሳ ታስታውከዋለች። ባለቀሰች ቁጥር ያ እብጠት እንደ መርፌ ይወጋጋታል። ይህንን ጀውሀራ ለማንም አልተናገረችም። ወጋ፣ ጠጠር ያደርጋታል፣ ከዚያም ቀሚሷ ብብቷ ላይ ይርሳል። ላብ ነው አለች ለራሷ፤ በጁባ ሙቀት ማን የማያልበው አለ? የውጋቱ ነገር ግን አስፈራት። ልጅ ለማግኘት ለዓመታት ጠብቃለች። ካስተም ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጣ ከኡጋንዳ የመጡ ካሚዮኖች ሲያራግፉ፣ የሌላ ሰው ልጅ አቅፋ ስንት ቀን አምሽታለች። አሁን የራሷ መጣች። መጣችና፣ አፏ ጡቷን እየፈለገ አየር ይስባል።

ናዕማ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ያገሯ ልጅ ናት፤ ባሏ ረፊቅ ከሙሔ ሱቅ አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ያከፋፍላል። ልጇን አብዱራሕማንን በጀርባዋ አዝላ፣ ላቧ በፊቷ እየወረደ ገባች፤ የሲድራን ልቅሶ ከመንገዱ ነበር የሰማችው። ሰላምታውን እንኳን ሳትጨርስ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አልጋው ላይ አጋደመችና ለሲድራ እጇን ዘረጋች።

«አምጪያት። እኔ ጡቴ ሞልቶ ይፈስሳል፣ እሷ በረሀብ ትሙት?»

ነገሩ ቀላል አይደለም። ጀውሀራ ካረገዘች ጀምሮ ሙሔና ረፊቅ አማች ነን ሲባባሉ ከርመዋል። ሴት ከሆነች ለአብዱራሕማን ነች ተብሏል፤ ካስተም ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ረፊቅማ ሙሔን ሲጠራው «ኧረ አንተ አማቼ» ነው። አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ደግሞ በሃይማኖታቸው እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። ለሌላው ሰው ይህ ተረት ይመስላል፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን እንደ መሬት ወሰን የታወቀ ነው።

ሙሔ ከደጅ ሰምቶ ኖሮ መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። «ናዕማ፣ አማችነታችንን ልታፈርሺው ነው?» አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

«ሚስት አይጠፋም» አለች ናዕማ። «ልጅህ ግን አንድ ናት።»

ጀውሀራ ሲድራን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አልለቀቀችም። ናዕማን አልጠላችም፤ ያለ እሷ ጁባን አታውቃትም። ግን አንዴ ከሰጠች ወዲያ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ታያት፤ ዛሬ ናዕማ፣ ነገ ጡጦ፣ ከዚያ ወተቷ ደርቆ ይቀራል፤ ደርቆ ደግሞ ላይመለስ ነው። «መጀመሪያ ሐኪም ይየኝ» አለች። ድምፅዋ ጠንካራ ሆኖ በመውጣቱ ራሷም ተገረመች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እምቢ ያለችው እሷ ነበረች፤ ለወንድ ሐኪም ብብቴን ገልጬ አላሳይም ብላ ነበር። «ያቺ አማርኛ ታውቃለች ያልካት ሴት ሐኪም ጋ ውሰደኝ። ወተቱ ታምሟል ካለች፣ እሺ፣ ናዕማ ታጥባት። ካላለች ግን እኔው ነኝ።»

ሙሔ እንደ ተፈታ ሰው ተንፈስ አለ። የሚያዝዘው ሰው ሲያጣ የሚጨነቅ ዓይነት ነው፤ ትእዛዝ ሲያገኝ ደግሞ ማንም አይቀድመውም። ወዲያው ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ።

ሮማነወርቅ ግን በሩ ላይ ቆመች። አራስ በስድስት ቀኗ ከቤት? ያውም በጠራራ ፀሐይ? እሺ፣ መውጣቱ ካልቀረ ባዶ እጇን አትወጣም ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ጀውሀራ ሲድራን ስትጠቀልል፣ ሮማነወርቅ ከኋላዋ መጥታ አንድ ነገር ብርድ ልብሱ ውስጥ ስትሸጉጥ አየች፤ ለመጠየቅ ግን ጊዜ አልነበራትም።

እነሱ በራክሻ፣ ሙሔ ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ከፊት ሆኖ መንገድ እየመራ ተነሡ። ራክሻው ውስጥ ሦስት ሴቶችና ሁለት ሕፃናት ተጠጋግተዋል። ሹፌሩ በጉድጓድ ሁሉ ላይ ይዘልላል፤ ሲዘልል ሮማነወርቅ እመብርሃንን ትጠራለች፣ ናዕማ ቢስሚላህ ትላለች፣ ጀውሀራ ክንዷን ወደ ላይ አንጠልጥላ ትይዛለች። በዚያ ሁሉ መሐል ሙሔ ቦዳቦዳው ላይ ወደ ኋላ ዞሮ እጁን ያወዛውዛል፤ ሙሽራ የሚያጅብ ይመስላል። ናዕማ ይህንን አይታ ሳቀች። ጀውሀራም ሳቅ አመለጣት፤ ከስንት ቀን በኋላ።

ክሊኒኩ በር ላይ ዘበኛው በእጁ የያዘውን መፈተሻ እያሳለፈ ሰው ያስገባል። በሲድራ ብርድ ልብስ ላይ ሲያሳልፈው ጮኸ። ደግሞ አሳለፈው፤ ጮኸ። ዘበኛው ፊቱ ተለወጠ። ብርድ ልብሱን በጥንቃቄ ገለጥ ሲያደርገው ሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ ከነእጀታው ተጋድሟል።

«ደ ሹኑ?» አለ፣ ምንድን ነው ይሄ ማለቱ ነው። ቢላዋውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ሕፃኗንና ሮማነወርቅን ተራ በተራ ያያቸዋል።

ሮማነወርቅ በአማርኛ፣ ያውም በጎጃም አማርኛ፣ አራስ ያለ ብረት ከቤት እንደማትወጣ፣ ጥላና ክፉ ዓይን ብረት እንደሚፈራ አብራራችለት። አንድ ቃል አልገባውም። ሙሔ በዓረብኛ ሊተረጉም ጀመረና «ጥላ» የሚለው ላይ ደርሶ ተሰናከለ። በመጨረሻ ዘበኛው «ማፊ ሙሽኪላ፣ ሐጃ» ብሎ ቢላዋውን ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው፤ ችግር የለም፣ ስትወጪ ውሰጂው ማለቱ ነው። ሐጃ ተብላ የተጠራችው ሮማነወርቅ ማዕተቧን ዳሰስ አድርጋ ገባች።

ሐኪሟ ኛማል ትባላለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቷ ላይ ገና ተማሪነት ያልለቀቃት ሴት ናት። ጋምቤላ አድጋ፣ ጅማ ተምራ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው ጁባ የገባችው። እነሱ በዓረብኛ ሊጀምሩ ሲንተባተቡ አዳመጠቻቸውና፣ «በአማርኛ ብናወራ አይሻልም? የእናንተ ዓረብኛ እኔን ያሳምመኛል» አለች። ሙሔ እጇን ሊስም ቃጣው።

ጥያቄ ስትጀምር የሚመልሰው ሙሔ ነበር። መቼ ጀመረ፣ በዚህ ቀን፤ ያማታል ወይ፣ አዎ በጣም። ትኩሳት አላት ወይ ስትለው ዞሮ ጀውሀራን አያት። ኛማል ብዕሯን አስቀምጣ አየችው።

«ወንድሜ፣ እብጠቱ ያንተ ነው?»

ሙሔ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ናዕማም ሁለቱን ሕፃናት ይዛ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ሮማነወርቅ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ኛማልም ሁኔታዋን አይታ ወንበር ሰጠቻት።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹ ሌላ ዓይነት ሆኑ። ኛማል እብጠቱን በጣቶቿ እያሰሰች፣ ቆዳው መቅላት አለመቅላቱን እያየች፣ ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አዙራ ትጠይቃለች፤ እንዲህ ሲሆን ለመመለስ ይቀላል። ትኩሳት የለም። ልጃገረድ ሳለሽስ፣ የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል እዚህ ጋ ይከብድሽ ነበር? ጀውሀራ ደነገጠች። ከብዷት ያውቃል። በየወሩ ብብቷ ወፍራም ይሆንና ይጠዘጥዛት ነበር። በምላጭ ስለምላጨው ነው ብላ ለእናቷ እንኳን ሳትናገር ኖራለች። ይህቺ ሴት በምን አወቀች?

«አሁንስ፣ መቼ መቼ ነው የሚብስብሽ?»

ጀውሀራ ሮማነወርቅን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ከዚያ ተናገረችው። «ልጄ ስታለቅስ» አለች። «ስታለቅስ ይወጋኛል። ቀሚሴም ይርሳል። ሐዘኑ ይሆን እንዴ የሚያሳብጠው?»

የኛማል ዓይኖች በሩ። መጋረጃውን ሳበች፣ የአልትራሳውንዱን ማሽን ወደ አልጋው አስጠጋች፣ አስተኛቻት። ቀዝቃዛውን ቅባት ስትቀባት ጀውሀራ ዘገነናት። ወደ ብብቷ የምትሄድ መስሏት ነበር፤ ኛማል ግን መጀመሪያ መሣሪያውን ያኖረችው ጡቷ ላይ ነው።

«እዚህ ጋ እዪ» አለች፣ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙራ። «ይሄ ጤነኛ ጡትሽ ነው። ነጭ ነጩ ሥጋው ነው። በመሐሉ የሚሄዱት ጥቁር ጥቁር ክሮች ደግሞ የወተት ቦዮች ናቸው። አየሽ? አሁን በደንብ ያዢው፣ አትርሺው።»

ቀጥላ መሣሪያውን ወደ ብብቷ ወሰደችው። ስክሪኑ ለአፍታ ግራጫ ደመና ሆነ፤ ከዚያ ጠራ።

ጀውሀራ አተኩራ አየች። ሕክምና አልተማረችም፤ ግን የዱቄት ዓይነት ከእህሉ፣ የዘይት ዓይነት ከመልኩ ስትለይ የኖረች ነጋዴ ናት፤ አንድ ዓይነት ዕቃ ሲቀርብላት ታውቃለች። ነጩ ያው ነጭ ነው። ጥቋቁር ክሮቹም ያው ናቸው።

«አንድ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«አንድ ነው» አለች ኛማል።

በዚያው ቅጽበት ኮሪደሩ ላይ ሲድራ አለቀሰች። ጡጦውን ተፍታው ነበር። ጩኸቷ በበሩ አልፎ ገባ፤ ጀውሀራም የለመደችው ውጋት መጣባት፤ ወጋ፣ ጠጠር አደረጋት። ስክሪኑ ላይ እነዚያ ጥቋቁር ክሮች፣ ዓይኗ እያየ፣ ሰፋ አሉ። ክር የነበረው ገመድ ሆነ። ሲድራ ጮኸች፤ አሁንም ሰፋ።

ኛማል መሣሪያውን ሳታነቃንቅ ሳቀች። የሐኪም ሳቅ አልነበረም፤ የተማሪ ሳቅ ነው። «በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ» አለች፣ «በብብት ላይ በዓይኔ ሳየው ግን ዛሬ ገና ነው። እህቴ፣ ይሄ ንፍፊት አይደለም። ጡት ነው። ልጅሽን የሚሰማት ጡት።»

ሮማነወርቅ ከወንበሯ ተነሥታ ስክሪኑ ላይ ተደፍታ ነበር። «ብብት ላይ?» አለች።

ኛማል በቀላሉ ነገረቻቸው። ሰው ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ጡት የሚወጣበት መስመር ከብብት ተነሥቶ እስከ ታች ብሽሽት ይዘረጋል፤ ድመትና ውሻ ላይ እንደምናየው ማለት ነው። በእኛ ላይ ሁለቱ ቀርተው ሌላው ይጠፋል። አንዳንድ ሴት ላይ ግን ጥቂቱ ብብት ላይ ይቀራል። ጫፍ የለው፣ መውጫ የለው፣ ተቀብሮ ይቀመጣል። የወር አበባ ሲመጣ ይከብዳል፤ ስትወልድ ግን እንደ እህቱ እኔም ጡት ነኝ ይላል፣ ወተት ይሠራል። ብዙ ጊዜ መፍሰሻ የለውምና ያብጣል፤ ያንቺው በቆዳሽ ቀዳዳ ጥቂት ጥቂት ያሾልካል መሰለኝ። ክፉ በሽታ አይደለም። ሴቶች ይሸማቀቁበታልና አይነገርም እንጂ፣ ብዙም ብርቅ ነገር አይደለም።

ጀውሀራ ይህንን ሁሉ ሰማች፤ አክስቷ ግን ከፊቷ አልጠፉም። ስለ እሳቸው ተናገረች። ኛማል ወዲያው ቁም ነገረኛ ሆነች። ምስሉ ለእኔ በቂ ነበር፣ አለች፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር በቤተሰብ ካለ፣ ለአንቺ እንቅልፍ ስል በቀጭን መርፌ ትንሽ ልውሰድ። ቆዳውን በአልኮል ጠረገችው። ጀውሀራ የሮማነወርቅን እጅ ጨበጠች። ሮማነወርቅ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ደም ይመጣል ወይስ መግል እያለች የመርፌውን ብልቃጥ አፍጥጣ ታያለች።

ኛማል ሳበች። ብልቃጡ ውስጥ የገባው ነጭ ነው።

ኛማል ብልቃጡን ወደ መብራቱ አንሥታ አዟዟረችው። ጥራት ያለው፣ ሞቅ ያለ ወተት ነው። ከእሱ ጠብታ ወስዳ መስታወት ላይ አደረገች፤ ላቦራቶሪ ይየዋል፣ ውጤቱ ከሁለት ቀን በኋላ ይደርሳል አለች። (ውጤቱ በኋላ እሷ እንዳለችው ሆኖ መጣ፤ በዚያን ሰዓት ግን ማንም ስለ ውጤቱ አላሰበም።)

«እና ወተቴ አልታመመም?» አለች ጀውሀራ።

«የቱ ወተት? የጡትሽም የብብትሽም ያው አንድ ወተት ነው። አጥቢያት።»

ኮሪደሩ ላይ ሲድራ ድንገት ዝም አለች። ያ ዝምታ ከልቅሶው ይልቅ ጀውሀራን ከአልጋው አስነሣት። ናዕማን ታውቃታለች፤ በምን ዝም እንዳሰኘቻት ገባት። ክንዷ ላይ ያ ቅባት እንደተለጠፈ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በሩን በረገደችው።

ናዕማ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ለግድግዳው ዞራ፣ ሸማዋን ጋርዳ የቀሚሷን ቁልፍ ፈትታለች። ሲድራ ሸተታት መሰል አፏን ከፍታ አንገቷን ታወናጭፋለች። አብዱራሕማን በሌላው ጉልበቷ ላይ ሆኖ በቅናት ያያታል።

«ናዕማ» አለች ጀውሀራ። «እንዳትሰጫት። የኔ ነው፣ የኔ ደህና ነው።»

ናዕማ አንገቷን አዞረች። የጓደኛዋን ፊት አየች። ሕፃኗን ወደ ላይ አንሥታ አቀበለቻትና ቁልፏን መልሳ ቆለፈች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። «ልጄም ሚስቱን አላጣም።»

ጀውሀራ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አጠባቻት። ሲድራ ጡቱን ስትይዝ እንደ ተቀማ ሰው በቁጣ ነው የያዘችው፤ ጉሮሮዋ ጉልጭ ጉልጭ ይላል። ብብቷ ወጋት፣ ጠጠረ፣ ረጠበ። ይውጋ። ሙሔ ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ፣ እናቱ ጋ መደወል እንዳለበትና ምን እንደሚል እያሰበ፣ የልጁን እግር በአንድ ጣቱ ይነካል።

ኛማል በሩ ላይ ቆማ ወረቀቷ ላይ መድኃኒት እየጻፈች ነበር። ለሕመሙ ፓራሲታሞል፤ ከሁለቱም ጡት ማጥባት፤ እብጠቱ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ። ትኩሳት ከመጣ ወይም ቆዳው ከቀላ ቶሎ መምጣት። ልጅቷ ጡት ስትጥል ደግሞ ዳግመኛ አየዋለሁ፤ ያኔ ካስቸገረሽ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ካላስቸገረሽ ይኖራል። እንደ ማንኛውም ጡት ነውና በየጊዜው በእጅሽ ማየት ነው። ቀና ብላ አንድ ነገር የረሳች መሰላት።

«ግን እንዲህ በቶሎ የተለቀው ለምንድን ነው? የሚያሸው ሰው አለ?»

ሮማነወርቅ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ከተተች። ናዕማ አየቻት፤ ሙሔም አያት።

«ለብ ባለ ቅቤ ነው» አለች ሮማነወርቅ፣ ረጋ ብላ። «ጠዋትና ማታ።»

«እትዬ» አለች ኛማል፣ ሳቋን ይዛ፣ «ላምስ ስትታለብ ግቷ ይታሽ የለ? ምን ሊሆን?»

«ወተት ሊወርድ» አለች ሮማነወርቅ፤ አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ የመጀመሪያዋ ሳቂ እሷው ሆነች። ሙሔ ሳቀ፣ ናዕማ ሳቀች፣ ተራ ይጠብቁ የነበሩ የማንጋቴን ሰፈር ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። «ሳልብ ከርሜያለሁ በሉኛ» እያለች ሮማነወርቅ ዓይኗን ትጠርጋለች። «ላሟን አገኘኋት፣ ማሰሮውን አጣሁት።»

እማ ኑርያ በስልክ ሲነገራቸው በቀላሉ አላመኑም። የሙሔን ቃል አልተቀበሉም፤ ሐኪሟን ስጠኝ አሉ። ኛማል ስልኩን ተቀብላ፣ እርስዎ እያለች፣ ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳቻቸው። ከዚያ የእማ ኑርያ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ።

«በሁለት ብብትም ጡት ካላት፣ ለመንታ ተሰናድታለች ማለት ነው። ንገሪልኝ፤ በሚቀጥለው መንታ እጠብቃለሁ።»

ሲመለሱ ሮማነወርቅ ቢላዋዋን ከዘበኛው መቀበል አልረሳችም።

በማግስቱ ግቢው ሞላ። በጉ ታርዷል፤ ወንዶቹ ድንኳኑ ሥር ናቸው፣ ሴቶቹ ውስጥ። ሲድራን የሙሔ ታላቅ ወንድም ተቀብሎ ፀጉሯን ሊላጭ ወደ ድንኳኑ ወጣ። ጀውሀራ አልጋዋ ላይ፣ አዲስ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ከፊቷ የቀረበላትን ገንፎ ጀምራለች። ሴቶቹ ያወራሉ፤ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ አይሰማም።

ጀውሀራ ማንኪያውን አቆመች። ብብቷ ወጋት።

«ልጄ እያለቀሰች ነው» አለች።

«ኧረ ምንም አይሰማም» አለች ናዕማ፤ ግን ከአፏ ሳትጨርስ ከድንኳኑ በኩል ያ ቀጭን ጩኸት ወጣ። ሴቶቹ ዘወር አሉ። የጀውሀራ ነጭ ቀሚስ ብብቱ ላይ ክብ እርጥበት አወጣ፤ እየሰፋም ሄደ። ጀውሀራ አልሸፈነችውም።

ሮማነወርቅ ከልማዷ እጇን ዘረጋች። ግማሽ መንገድ ላይ ትዝ አላትና መልሳ ሰበሰበችው፤ የት እንደምታኖረው ግን አላወቀችም። ሁለቱን እጆቿን ሥሯ አድርጋ ተቀመጠችባቸው። እንዲያም ብዙ አልቆየች። ብድግ ብላ፣ ከምግብ ቤቴ ፍሪጅ ቀዝቃዛ ጨርቅ አመጣለሁ እያለች፣ በወንዶቹ መሐል ነጠላዋን እያጣፋች መንገዱን ተሻገረች። ጀውሀራ ደግሞ ወደ ድንኳኑ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ልጄን ቶሎ አምጡልኝ አለች፤ ግማሽ ራሷ የተላጨ ሲድራንም ከነቁጣዋ አመጡላት።